ሶላት የማያውቀው ሊቀመንበር

ሊቀመንበርነት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ሊቀመንበር ሆኖ ያየ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቻችን ስለ ሊቀመንበር የምናውቀው ማማት ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ ሰው ያልመጣበት አገር የለም፤ የመጣው ሁሉ ማኅበር አለው፣ ማኅበሩ ሁሉ ሊቀመንበር አለው፣ ሊቀመንበሩ ሁሉ ደግሞ አንድ የማይሰረይ ጥፋት አለው፤ ሊቀመንበር መሆኑ። ስብሰባ ሲጠራ «ይኼ ሰውዬ ሥራ የለውም እንዴ?» ይባላል። ሳይጠራ ሲቀር «ምነው ጠፋ? ናቀን?» ይባላል። አዲስ መኪና ከያዘ ያጠራጥራል፤ አሮጌ ከያዘ ያሰድባል። ታክቶት «በቃኝ፣ ልልቀቅ» ያለ ዕለት ግን ሲያማው የኖረው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይልና «አንተ ከለቀቅክማ ማን አለን?» ይላል። እናንተም ብላችሁታል። እኔም ብዬዋለሁ።

የማወጋችሁ ግን ስለኛ ሊቀመንበሮች አይደለም፤ እነሱን ለሌላ ቀን ሐሜት አስቀምጫቸዋለሁ። የማወጋችሁ ስለ አለቃዬ ስለ አርቤን ነው፤ የአልባኒያኖች ሊቀመንበር።

አርቤን እንደኔው በዲቪ የመጣ ሰው ነው። እኔን ዲቪ ያገኘኝ ደሴ ነበር፤ እሱን ያገኘው ባሕር ተሻግሮ ኢጣልያ ገብቶ ቲማቲም ሲለቅም ነው። ቬጋስ እንደደረሰ በአንድ ካዚኖ ጓዳ ሳህን አጠበ። ከሳህን ወደ ጨርቅ ተሻገረ። ምግብ ቤቶች የሚያወጡትን፣ ወይን የፈሰሰበትን የጠረጴዛ ልብስ እሱ በሁለት ማሽን እያጠበ፣ ሚስቱ እየተኮሰች ጀመሩ። እኔ ስቀጠር እነዚያ ሁለት ማሽኖች ሰንራይዝ ማነር ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ጫፉ የማይታይ አዳራሽ ወልደው ነበር። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የትራስ ልብሱ፣ በየሆቴሉ ሰው የተኛበትና አፉን የጠረገበት ሁሉ በኛ በኩል ያልፋል። ቱሪስቱ እዚህ የሚሠራውን ሠርቶ ንጹሕ ሰው ሆኖ ወደ አገሩ ይመለሳል። እድፉን የምናየው እኛ ነን።

የተቀጠርኩበትን ቀን አልረሳውም። «ትራክ መንዳት ትችላለህ?» አለኝ። እችላለሁ አልኩ። «የጠዋት ሺፍት ይስማማሃል?» ይስማማኛል አልኩ። ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ። ይኼማ አልተቀበለኝም ብዬ ወረቀቴን ሰብስቤ ስነሳ «ወዴት ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ለካ በነሱ አገር አዎ ሲባል ነው ራስ ወደ ጎን የሚነቀነቀው፤ አይሆንም ሲባል ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው። በዚህ የተነሳ ሥራ አግኝቶ ሳለ አጣሁ ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ስንት ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። ስሜ ሰኢድ ነው፤ እሱ ግን «ሳይድ» ይለኛል። በእንግሊዝኛ ጎን ማለት ነው። ራሱን ወደ ጎን እየነቀነቀ ለቀጠረው ሰው የሚከፋ ስም አይደለም።

ከፋብሪካው ሌላ ሁለተኛ ሥራው ሊቀመንበርነቱ ነበር። አልባኒያኖቹ ሲጋቡም፣ ሲፋቱም፣ ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ ሲመጣላቸውም፣ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲባረርም የሚደውሉት ለሱ ነው። ቋንቋቸውን ባላውቅም የሚያወሩት ጉዳይ መሆኑን ከድምፁ እለየዋለሁ። እሱ በስልክ እንደማይታይ ረስቶ ራሱን ወደ ጎን ይነቀንቃል፤ እሺ፣ እሺ፣ እሺ። በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ስለ ራሱ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። የጠየቀውም ያለ አይመስለኝም።

ቤቱ ከሄንደርሰን በስተደቡብ ኮረብታው ላይ፣ አንተም በሚባል ሰፈር ነው። ስሙ እንግሊዝኛ ነው፤ ለኔ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የሚሰማኝ። «አንተም? አንተም እዚህ ደረስክ?» ብሎ ከላይ ወደ ታች የሚጠይቅ ሰፈር። እኔ ደግሞ የምኖረው ፓራዳይዝ ነው። ጀነት ማለት ነው፤ ግን እንዳትቀኑ። የሆቴል ሠራተኞች ተደራርበን የምንኖርበት፣ አውሮፕላን ጣሪያችንን ሊነካ እየደረሰ የሚያርፍበት አፓርትመንት ነው። ሚስቴ ከተለየችኝ ቆይታለች። ልጄ ሐያት ሲያትል ትሠራለች። እሑድ እሑድ ትደውልና «አባ፣ አንተ ኦኬ ነህ?» ትለኛለች። ኦኬ ነኝ እላታለሁ። «ኦኬ፣ ላቭ ዩ» ትላለች። ጥሪው ያልቃል። ጀነት ውስጥ ብቻውን ያለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይመልሳል?

በኮሮናው ዓመት፣ በማርች ከተማው ተዘጋ።

ሌላ ከተማ ሲዘጋ ይዘጋል፤ ቬጋስ ግን መዘጋት አያውቅበትም ነበር። በሩ ተከፍቶ የኖረ ካዚኖ ቁልፉ የት እንዳለ ጠፍቶበት በጣውላ ተመታ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሁን ቀልድ እንጃ። ሰው ከሌለ አንሶላ የለም፤ አንሶላ ከሌለ እኛ የለንም። አርቤን ሠራተኛውን አዳራሹ ውስጥ አራርቆ አቆመና «ሥራ ሲጀመር መጀመሪያ የምደውለው ለናንተ ነው» አለ። ሁሉም ሌይኦፍ ሆኖ ሄደ። ሁለት ማሽን አንቀሳቅሰን፣ በሽታው የያዛቸው ሰዎች ለብቻቸው ለሚቆዩበት መጠለያ አንሶላ በነጻ እንድናጥብ እኔና አንዲት ፊሊፒናዊት ብቻ ቀረን። የተረፈው አዳራሽ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ጫጫታ ምን ያህል ጓደኛዬ እንደነበረ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሊቀመንበርነቱ ግን አልተዘጋም። እንዲያውም ያኔ ነው የባሰበት። አርቤን ዱቄትና ዘይት፣ ሩዝና ፓስታ ገዝቶ ትራኬን አስሞላውና በየአልባኒያኖቹ በር መዞር ጀመርን። እኔ በትራኩ፣ እሱ በራሱ መኪና ከኋላዬ። አንድ መኪና ውስጥ መቀመጥ ፈርተን ነው። ስልካችንን ክፍት አድርገን እያወራን እንሄዳለን። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት መኪና፣ ባዶ መንገድ። በመስታወት አየዋለሁ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስና ድምፁ ጆሮዬ ዘንድ ሲደርስ ትንሽ ይዘገያል።

በሦስተኛው ቀን «ሳይድ» አለኝ በስልኩ፤ «ያንተ ሰዎችስ?»

«የኔ ሰዎች ምን?»

«ይበላሉ አይደል?»

በዚህ ዓይነት ፓራዳይዝ ገባን። ከወሎም ከአዲስ አበባም መጥተው ክፍል የሚያጸዱ፣ ሻንጣ የሚሸከሙ፣ ሻትል የሚነዱ፤ ሁሉም እቤታቸው ተቀምጠዋል። እንዳያፍሩ በር ላይ አስቀምጠን፣ ክላክስ አድርገን እንሄዳለን። ዘሀራ የምትባል ጎረቤቴ፣ ሃያ ዓመት አልጋ ያነጠፈች ሴት፣ በመስኮት ብቅ ብላ «ሰኢዶ፣ ከማን ነው?» አለችኝ።

«ከአልባኒያኖቹ ሊቀመንበር።»

«እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው?»

«እኔም በደንብ አላውቅም።»

«አላህ ይስጣቸው» አለችና ከረጢቱን አንስታ ትንሽ አሰበች። «የኛውስ ሊቀመንበር የት አለ?»

ይኸው፤ ሐሜት በሽታ አይበግረውም።

አንድ ቀን ማስክ የታሸገበት ካርቶን ላመጣ ወደ አንተም ጠራኝ። ጋራዡን ከፍቶ ከሩቅ «እዚያ ጋ ነው» አለኝ። ከጋራዡ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ክፍት ስለነበር ዓይኔ ሳላዘው ገባ። ትልቅ ቤት ነው፤ ደረጃ፣ ረጅም ኮሪደር፣ በር በበር። እሱ ግን ሶፋ ጎትቶ ወጥ ቤት ውስጥ አስገብቶ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ደርቦበት፣ እዚያው ነው የሚኖረው። የሌሎቹ ክፍሎች በር ሁሉ ተዘግቷል። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ልጆቹ ኒውዮርክ ናቸው። ያየሁትን እንዳየሁ ገባው መሰለኝ «ለማጽዳት ይቀላል» አለኝ። «ልክ ነዎት» አልኩት። የከተማውን አንሶላ ሁሉ የሚያጥብ ሰው አልጋ ላይ አይተኛም ብሎ ማን ይገምታል?

ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሬጄፕ ወደሚባል ሽማግሌ ቤት ሄድን። ሬጄፕ ማለት የኛው ረጀብ ነው፤ ባሕር ሲሻገር ትንሽ ተንሻፎ ነው። ሰንራይዝ ማነር ውስጥ ምድር ቤት ላይ ብቻውን ይኖራል። ዕድሜው ከሰማንያ አልፏል። አገሩ ሳለ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያኔ በአልባኒያ ሃይማኖት በሕግ ተከልክሎ ስለነበር ተደብቆ ሲሰግድ ተይዞ ታስሯል። ላስ ቬጋስ ላይ የአልባኒያ ሰው ሲሞት ቆሞ የሚያሰግደው እሱ ነበር። ሌላው የሱ አገር ሰው በአብዛኛው ያደገው ሳይሰግድ ስለሆነ፣ ከኋላው ይሰለፍና እሱ እንዳደረገው ያደርጋል።

አርቤን በመስኮቱ መስታወት ፊት ቆመ። ሽማግሌው ከውስጥ ሆኖ አንድ ነገር ጠየቀው። ሽማግሌው መስታወቱን በጣቱ እየመታ ደገመለት። አርቤን ቀስ ብሎ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ። ምስኪን ሽማግሌ፣ ምን ጠይቆ ነው የከለከለው ብዬ ላዝን ስል ትዝ አለኝ። ለካ እሺ ማለቱ ነው።

መንገድ ላይ በስልክ «ምን አልዎት?» አልኩት።

«ስሞት ሳይሰገድብኝ እንዳልቀበር፣ አንተ አሰግድብኝ አለ።»

«ሊቀመንበር ስለሆኑ ነው።»

በመስታወት አየሁት፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል።

ሬጄፕ ከዚያ ብዙም አልቆየም። በሽታው ያዘው፣ ሆስፒታል ገባ፣ ማንም ሳያየው ሞተ። ወረቀቱ እስኪያልቅ አራት ቀን እንደሚፈጅ ተነገረን። መስጊዱ ተዘግቷል። የቀብር ነገር የሚያውቁት የአገሬ ሰው ሐጂ ይመር ናቸውና ደወልኩላቸው።

«ልጄ፣ ኢማሙም ታመው ለብቻቸው ናቸው፤ እኔም ከቤት አትውጣ ተብያለሁ» አሉኝ። «ሬሳውን የሚያጥቡት ልጆች የተፈቀደላቸውን ያህል ያደርጋሉ። የሚያሰግድ ግን ከናንተው ፈልጉ። ለመሆኑ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ልክ ናቸው። እኔ ምን ሆኜ ነው? በልጅነቴ ቁርአን ቤት የተገረፍኩት ለዚሁ አይደል? ፋብሪካ ሄጄ ለአርቤን «እኔ አሰግዳለሁ፤ አያስቡ» አልኩት።

«አይሆንም» አለኝ። «ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ያሰግዱ።»

ወንበር ስቦ ከቆሙት ማሽኖች ፊት ተቀመጠ። ማስኩን አወለቀው። ርቀን ስለነበር ምንም አላልኩም።

«ሳይድ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ከዚህ በር ግን አይወጣም።»

«አይወጣም።»

«እኔ ሶላት አላውቅም።»

«የጀናዛውን፣ የቀብሩን ነው?»

«ምኑንም። ሬጄፕ ሲያሰግድ ከኋላው ቆሜ ከንፈሬን ነው የማንቀሳቅሰው። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሶላት በፊት እንዴት እንደሚታጠቡ እንኳ አላውቅም።»

ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያን ሁሉ ሲያጥብ የኖረ ሰው መታጠብ አላውቅም ሲል እናንተስ ብትሆኑ? ፊቱን ሳየው ግን ተውኩት።

«አያቴ ትሰግድ ነበር» አለኝ። «ተደብቃ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ። ስድስት ዓመቴ ሆኖ ትምህርት ቤት ገባሁ። በረመዳን አስተማሪያችን ከረሜላ ይዛ መጣችና፣ ቤታችሁ ውስጥ ቀን ቀን የማይበላ ሰው ማን ነው? አለች። እኔ እጄን አወጣሁ።»

ባዶ የአንሶላ ጋሪ ስቤ ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ።

«ከረሜላውን እዚያው በላሁት። አያቴን ወስደው ሁለት ቀን አቆዩዋት፤ ከዚያ መለሷት። አልመቷትም። አልተቆጣችኝም። ምግቤን ታበስላለች፣ ልብሴን ታጥባለች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ባለሁበት ክፍል ሰግዳ አታውቅም። እኔ ስገባ ትወጣለች። እስክትሞት አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን፤ ይቅር በይኝ አላልኳትም። ሬጄፕ ይኼን አያውቅም። ማንም አያውቅም። እነሱ የሚያውቁት ፋብሪካዬን ነው።»

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። «ይነሱ፤ ከውሃው እንጀምር» አልኩት።

የወይን ነጠብጣብ የምናስለቅቅበት ገንዳ ጋ ወስጄ ውዱእ አስተማርኩት። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ፣ ራስ፣ እግር። እግሩን ገንዳው ላይ ሲያወጣ ሚዛኑን ስቶ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ከማርች ወዲህ የነካኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሁለታችንም ደንግጠን ተራራቅን። የቁርአኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን፣ በራሱ ፊደል ጭነት በምንመዘግብበት ወረቀት ጀርባ ጻፈ። ከጉሮሮ የሚወጡት ድምፆች አስቸገሩት፤ እኔም ብሆን የቁርአን ቤት መሻይኼ ቢሰሙኝ የሚያመሰግኑኝ አይመስለኝም። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከቀትር በኋላ፣ ክብ የመስታወት በራቸውን ወደኛ ባዞሩት ማሽኖች ፊት ቆሞ አጠና። እኔ በጾም አፌ ደርቆ አርማለሁ፤ እሱ ከኔ ጋር ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ይውላል። ጾም መሆኑን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

የቀብሩ ቀን በጠዋት ወጣን። ከአሥር ሰው በላይ አይገባም ስለተባለ የቆምነው አሥር ነን፤ ተራርቀን፣ ማስክ አድርገን። ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ይጋረፋል። ዛፍ የለም። ሳጥኑ ፊት ለፊታችን ነው። አርቤን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ወደ ፊት ወጣ።

«አላሁ አክበር» አለ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ደህና ወጣለት።

የጀናዛ ሶላት አራት ተክቢራ፣ ማለት አራት ጊዜ አላሁ አክበር፣ ይባልበታል። ጮክ ተብሎ የሚባለው እሱ ብቻ ነው፤ በመካከሉ ያለውን አሰጋጁ በልቡ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ከኋላ የቆመ ሰው ምን እንደሚል አይሰማም። እኔ ግን ልኩን አውቃለሁ። ለፋቲሃ የሚበቃ ዝምታ ቆየ። ሁለተኛው ተክቢራ መጣ። ለነቢዩ የሚወርደውን ሶለዋት የሚያህል ዝምታ ቆየ። ሦስተኛው መጣ። አሁን ለሞተው ሰው የሚለምንበት ነው።

ዝም አለ።

እኔ ዱዓዬን ጨረስኩ። እሱ ዝም እንዳለ ነው። ደገምኩት፣ ጨረስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት። አንድ ሰው ሳል ሳለ። ጠፍቶበታል። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ተክቢራውን ከኋላ ሆኜ ብለው ይወጣ ነበር፤ ግን ሁሉም ያውቅበታል። ዝም ብል ደግሞ እስከ መቼ ይቆማል? አፌን ከፍቼ ነበር። የአርቤንን ትከሻ ሳየው ተውኩት። ጥቁሩ ኮት እላዩ ላይ ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ ሰው በተክቢራ አይጠራም። ቆምን። እስከ ዛሬ ከቆምኩበት ሁሉ ረጅሙ መቆም ያ ነው።

«አላሁ አክበር» አለ በመጨረሻ። አሰላመተ፤ ሶላቱ አበቃ። ሬጄፕ አፈር ገባ።

አልባኒያኖቹ ከሩቅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እያደረጉ ሲያመሰግኑት እንደ ሠርግ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሊቀመንበራችን ለካ ሼህም ነው ተባለ። ያን ያህል ረጅም ዱዓ ከሬጄፕም አላየንም አሉ። ሁሉም በየመኪናው ሲሄድ እሱ ትራኬ ጎን መጥቶ ቆመ።

«ረሳሁት» አለኝ። «ከሦስተኛው በኋላ ያለውን ሁሉ ረሳሁት።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስትል ነበር?»

እንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለውም፤ አለቃም ሎሌም «ዩ» ነው። እስካሁን እርስዎ እያልኩት ያወጋኋችሁ በሆዴ እንደዚያ ስለምለው ነው። ያን ጠዋት በሆዴም አንተ ሆነ፤ መቼ እንደተለወጠ ግን አላየሁትም።

«ለአያቴ ነገርኳት» አለ። «በአልባኒያኛ፣ ስለ ከረሜላው። እየጨረስኩ ሳለ ሬጄፕ ትዝ አለኝና ለሱም ትንሽ ጨመርኩለት። ይቆጠራል?»

እኔ ትራክ ነጂ ነኝ። ይኼን የሚመልሱ ሰዎች ያን ጊዜ ሁሉም በር ዘግተው ነበር። «ምን እንዳልክ ሳላውቅ አሚን ብያለሁ» አልኩት። «እኔ የማውቀው ይኼን ነው።»

መዘዙ ከዚያ ጀመረ። ያንን ዓመት በሙሉ፣ በተለይ ብርዱ ሲገባ፣ የአልባኒያ ሰው ሲሞት የሚጠራው አርቤን ሆነ። ቀጥሎ ቦስኒያዎቹ ሰሙ። ቀጥሎ ሰው ያጣ ሁሉ ሰማ። ስንቱን እንደሸኘን አልቆጠርኩም። ቃላቱን ጠንቅቆ እያወቀ ሄደ፤ ፀሐይ ላይ ከኋላው ቆሜ የዝምታውን ልክ ስሰማ አውቅበታለሁ። ከቀብር መልስ እሱ ወደ አንተም፣ እኔ ወደ ፓራዳይዝ። ስልኩ ክፍት እንደሆነ እንሄዳለን፤ ብዙ ጊዜ ግን አናወራም። የሱ መኪና ሲታጠፍ መስመሩ ላይ የሚሰማው ድምፅ አለ፤ ተክ፣ ተክ የሚለው የፍሬቻ ድምፅ። እሱን ሰምቼ ነው ስልኩን የምዘጋው።

በሁለተኛው ዓመት ሆቴሎቹ ሞሉ። አርቤን ቃሉን ጠብቆ ለሠራተኞቹ አንድ በአንድ ደወለ። ማሽኖቹ ሁሉ ተነሱ። የነጋዴዎች ማኅበር የምሳ ግብዣ አድርጎ ስኬታማ ስደተኛ ብሎ ሸለመው። የሚያስከትለው ሰው ስለሌለው እኔን ወሰደኝ። መድረክ ላይ ከሳህን አጣቢነት እስከ ፋብሪካ ያለውን ታሪኩን አነበቡለት፤ ያማረ ታሪክ ነው፣ እኔም አጨበጨብኩ። ምግቡ ሳይቀርብ ስልክ ተደወለለትና ተነስቶ ወጣ። የአንድ አልባኒያዊ እናት አርፋለች። በዚያው የአልባኒያኖቹ ማኅበር ምርጫ ደረሰና «ደክሞኛል፣ ልልቀቅ» አለ። ምን እንዳሉት መገመት ትችላላችሁ።

መስጊዱ እንደገና ሲከፈት አንድ ዓርብ «እኔም ልምጣ» አለኝ። አብረን ገባን፤ ጎን ለጎን ቆምን። ኢማሙ አላሁ አክበር ሲሉ እጁን አሳምሮ አሰረ፤ ፊቱ ላይ የለመደ ሰው መረጋጋት ነበረው። ሁለተኛው ተክቢራ ሲባል መስጊዱ ሙሉ ጎንበስ አለ። አርቤን ብቻ ቀጥ ብሎ ቀረ። የጀናዛ ሶላት ማጎንበስ፣ መደፋት የሚባል ነገር የለውም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሞ ነው። ላስተምረው የቸኮልኩት እሱን ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ጀርባ መካከል ብቻውን ቆሞ ግራ ቀኙን ያያል። ሱሪውን ጎተትኩት። ጎንበስ አለ፤ እኛ ስንነሳ።

ሲያልቅ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ቀረ። «የተማርኩት ለሞተ ሰው ብቻ ነዋ» አለኝ።

«ለዚያ ነበር የቸኮልነው።»

«በሕይወት ላለ ሰውስ እንዴት ነው?»

«ጎንበስ ይባላል። ይለመዳል፤ አሳይሃለሁ።»

ወደ ውጭ ስንወጣ አልባኒያኖቹም ቦስኒያዎቹም ፓርኪንጉ ላይ ከበቡት። አንዱ ደብዳቤ ይዟል፣ አንዱ ልጁን ሥራ ሊያስቀጥር ነው፣ አንዲት ሴት በጆሮው ታንሾካሹካለች። እሱ ራሱን ወደ ጎን ይነቀንቃል። እኔ ትራኬን ዳር ላይ ፓርክ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ በአንድ ተሸኙ። ፓርኪንጉ ባዶ ሆነ። ወደ መኪናው ሲሄድ አየኝና መንገዱን ቀይሮ ወደኔ መጣ፤ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ ለሁሉም በሚጠቀምበት በዚያ ትዕግሥተኛ ድምፁ «እሺ ሳይድ፣ ያንተስ ጉዳይ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጉዳይ የለኝም።»

«ታዲያ እዚህ ፀሐይ ላይ ምን ትሠራለህ?»

«እየጠበቅኩህ ነው። ምሳ በልተሃል?»

አየኝ። መንገዱን አየ። የስልኩን ኪስ ነካ፣ ተወው። ይህን ያህል ዘመን ሰው ለጠየቀው ሁሉ መልስ ሲሰጥ የኖረ ሊቀመንበር፣ ምሳ መብላት አለመብላቱን ለመናገር ረጅም ጊዜ ፈጀበት።